ልስኑ ሳይጀመር

ልጄ፣ የቤትሽ ጣሪያ ተመትቷል፤ የሳኒተሪ ሠራተኞቹም ግድግዳውን እየቆረጡ የሙቅ ውሃውን መስመር ሊዘረጉ ነው። ልስን ሳይጀመር የምነግርሽ ነገር አለኝ። ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ብነግርሽ ከቁጭት በቀር የሚተርፍሽ የለም።

አዲስ አበባ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ሙቅ ውሃ ሲመካከር ወሬው ሁሉ ስለ ማሞቂያው ነው። ቦይለሩ ስንት ሊትር ይያዝ፣ ሶላሩ ስንት ቱቦ ይኑረው፣ የየት አገር ሥሪት ይበረታል? ውሃው ከማሞቂያው ወጥቶ ሻወሩ ጋ እስኪደርስ በመንገዱ ላይ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቦይለሩ በውጭው ቆርቆሮና በውስጡ ጋን መካከል ፎም ተሞልቶለታል፤ ከእሱ የሚወጣው ቧንቧ ራቁቱን ይቀበራል። ጋቢ ደርቦ እግሩን ብርድ ላይ እንደዘረጋ ሰው ማለት ነው።

ከሁሉ አስቀድመሽ ርቀቱን አሳጥሪ። ባለ 25 ሚሊሜትር ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ በአንድ ሜትር 0.2 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። ማሞቂያው ከሻወሩ 15 ሜትር ከራቀ፣ ቧንቧውን በዘጋሽ ቁጥር 3 ሊትር የሞቀ ውሃ መስመሩ ውስጥ ቀርቶ ይቀዘቅዛል። በሚቀጥለው ጊዜ ያንን አፍስሰሽ ነው ሙቁን የምታገኚው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ከመብራት ሂሳቡ ይልቅ ያንገበግበኛል። ማሞቂያውን በሻወሩና በማድቤቱ አጠገብ ማድረግ ከተቻለ ከየትኛውም ኢንሱሌሽን ይበልጣል። ለአንድ ሻወር ብቻ የሚሄደውን መስመርም ግፊቱ ከፈቀደ ባለ 20 አድርጊው፤ በዚያው ርቀት የሚቀረው ውሃ ወደ 2 ሊትር ይወርዳል።

“ፒፒአር ፕላስቲክ ስለሆነ ሙቀት አያስወጣም” የሚሉሽ ይኖራሉ። ጥሩ ጥሩ ባለሙያዎችም ይህን ያምናሉ፤ ግን ልክ አይደለም። ፕላስቲክ ሙቀትን ከብረት እጅግ ባነሰ መጠን እንደሚያሳልፍ እውነት ነው። ነገር ግን የዚህ ቧንቧ ውፍረት አራት ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ብዙም አያግድም። በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 60 ዲግሪ ውሃ የያዘ ባለ 25 ፒፒአር በየሜትሩ 25 ዋት ገደማ ያባክናል። እኩያው የጂአይ ብረት ቧንቧ ደግሞ 30 ዋት ገደማ ነው፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ዘጠኝ ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ጥቁር የጎማ ስፖንጅ ብታለብሺው ብክነቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ሁለት ሳንቲሜትር የሚወፍረውን ብታለብሺው ከ10 ዋት በታች ይወርዳል።

ታዲያ ሁሉንም በወፍራሙ አታልብሺ። ባለ 25 ቧንቧ ሁለት ሳንቲሜትር ስፖንጅ ሲደረብበት ስድስት ሳንቲሜትር ተኩል ይሆናል፤ ይህን ለመቅበር ብሎኬቱን በጥልቀት መቁረጥ ግድግዳውን ይጎዳል። ግድግዳ ውስጥ ለሚገባው ቀጭኑ ይበቃል፤ በኮርኒስ ላይ፣ በዳክትና በጣሪያ ለሚያልፈው ወፍራሙን ግዢ። ለሠራተኞቹም መቁረጥ ሳይጀምሩ የቦዩን ስፋት ንገሪያቸው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ጎሚቶውና ቲው ላይ ሲደርሱ “ይህቺ ትንሽ ናት” ብለው እንዳይዘሉ ቆመሽ እይ፤ ስፖንጁ በ45 ዲግሪ ተቆርጦ በማጣበቂያው ይገጠማል። ከቦይለሩ የሚወጣውን የመጀመሪያውን ሜትር፣ ወደ እሱ የሚገባውን የቀዝቃዛ መስመር መጨረሻ ጭምር፣ አልብሺ። ሴፍቲ ቫልቩን ግን እንዳትሸፍኚ፤ ሲያፈስ መታየት አለበት።

አሁን ወደ ፓምፑ ልምጣ። ኢንጂነሩ ቧንቧው እንደተከፈተ ሙቅ ውሃ እንዲወጣ ሰርኩሌሽን ፓምፕ ይግባ እንዳለሽ ነግረሽኛል። ምቾቱን አልክድም፤ የሚፈስሰውን ውሃም ያድናል። ሆኖም ዋጋውን እወቂ። ሄዶ መመለሻው 30 ሜትር ቢሆን፣ ራቁቱን ያለ መስመር ሙቅ ውሃው ቀንና ሌሊት ሲዞርበት ወደ 700 ዋት ያባክናል። ይህ በቀን ወደ 17 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 500 ገደማ ነው፤ ማንም ሳይታጠብበት! ዘመናዊ ትንሽ ፓምፕ ለራሱ የሚወስደው ጥቂት ዋት ብቻ በመሆኑ ሂሳቡን የሚያንረው መስመሩ ነው። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር መደረጉን ታውቂያለሽ፤ ብዙ የሚጠቀም ቤት ደግሞ ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ከፍ ይላል። መስመሩን ብታለብሺና ፓምፑ ጠዋትና ማታ በድምሩ አራት ሰዓት ብቻ እንዲሠራ ታይመር ብታስገጥሚ፣ ያው ብክነት በቀን ወደ 2 ኪሎዋት ሰዓት ይወርዳል። ሁለቱን አላደርግም ካልሽ ግን ፓምፑ ይቅርብሽ።

መመለሻው ላይ ቼክ ቫልቭ መኖሩን አረጋግጪ። ማሞቂያሽ ከታች፣ መታጠቢያው ከላይ ከሆነ፣ ፓምፑ ቢጠፋም የሞቀው ውሃ ቀላል ስለሆነ በራሱ ወደ ላይ ይወጣል፤ የቀዘቀዘው ይወርዳል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር ያድራል። ቼክ ቫልቭ ይህን ያስቆማል።

ፓምፑን ራሱን ማልበስ ይቻላል፤ ውሃ የሚያልፍበትን ሆዱን ብቻ ነው ታዲያ። አንዳንዱ ፓምፕ ለዚሁ በልኩ የተሠራ ሽፋን ይዞ ይመጣል፤ ካርቶኑ ውስጥ ተረስቶ እንዳይጣል። ሞተሩንና የኤሌክትሪክ ሳጥኑን መሸፈን ክልክል ነው። ሞተሩ ሙቀቱን ወደ አየር ማስወጣት አለበት፤ እርጥበት የሚወጣባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎችም መደፈን የለባቸውም። በቅንነት ሁሉንም የጠቀለለ ሰው ፓምፑን ያቃጥለዋል።

ሶላር ከሆነ የምታስገቢው ከጣሪያ የሚወርደው መስመር ከሁሉም ይብሳል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት፣ ከነነፋሱ፣ ቀን የተጠራቀመውን ሙቀት ከራቁት ቧንቧ ይወስዳል። እዚያ ላይ ወፍራሙን ስፖንጅ አድርጊ፤ ግን ጥቁሩ ስፖንጅ ብቻውን የኛን ፀሐይ አይችልም። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ጨረሩ ጎማውን ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ይጠጣል፤ የረጠበ ኢንሱሌሽን ደግሞ ሥራውን አይሠራም። ስለዚህ ከላዩ የአሉሚኒየም ሽፋን ወይም ለጎማው የተሠራውን ቀለም ይልበስ። የመስታወት ሱፍ እንዳያመጡልሽ፤ ውሃ የማያስገባ ሽፋን ከሌለው ለጣሪያ አይሆንም።

የመጨረሻው ነገር የጤና ነው። ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ብለው ቦይለሩን 40 ዲግሪ ላይ የሚያደርጉ አሉ። ሌጂዮኔላ የሚባለው፣ ከባድ የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ የሚራባው ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውሃ ውስጥ ነው። የተከማቸው ውሃ 60 ዲግሪ ይሁን። ታይመሩም በየቀኑ ለሚታጠብበት መኖሪያ ቤት እንጂ ለሆቴልና ለሆስፒታል አይሆንም፤ እነሱ መስመሩን ሁልጊዜ ሙቅ አድርገው ማቆየት አለባቸው። የእንግዳ መታጠቢያ ካለሽ ሰው ባይገባበትም በየሳምንቱ ሙቁን ለጥቂት ደቂቃ ክፈቺው። የ60 ዲግሪ ውሃ ግን በሴኮንዶች ውስጥ ያቃጥላል፤ እናትሽና ልጆቹ በሚታጠቡበት ሻወር ላይ ሙቀቱን መጥኖ የሚቀላቅል ቴርሞስታቲክ ሚክሰር ይግባ። እሱን ለነገ አትበይ።