ድንጋዩን ከጎዳናው አንሡ

ባለፈው ሰሞን ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ለዘመድ ለቅሶ ስጓዝ፣ አቤቱታ አለን የሚሉ ጎበዞች ከመንገዱ ዳር ያለውን ቋጥኝ እያንከባለሉ አስፋልቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘግተውት ስላገኘሁ፣ ከብዙ መንገደኛ ጋራ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በፀሐይ ቆምሁ። የዋልሁት እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍሁ፤ ነገር ግን ከፊታችን በነበረው አምቡላንስ ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት ነበረች። እናቷ ነጠላቸውን አደግድገው ወርደው፣ «በማርያም፣ ልጆቼ፣ አሳልፉን» እያሉ ከድንጋዩ ሥር ቢንበረከኩ፣ የልጅ ልጃቸው ሊሆን የሚችል አንድ ወጣት «እማማ፣ ሁሉም እኩል ይቆማል» ብሎ መለሰላቸው። የአገሩ ሽማግሌ መጥተው ቢገሥጹት ነው ድንጋዩ ገለል ያለው።

ሰልፍ መውጣት መብት መሆኑን የሚክድ የለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 ያለ መሣሪያ በሰላም ተሰልፎ የመጮህን መብት ሲሰጥ፣ በአንቀጽ 32 ደግሞ የመዘዋወርን ነጻነት ሰጥቷል፤ ፊተኛውን በቃሉ የሚያነበንብ ሰው ኋለኛውን ስለ ምን ይዘለዋል? አዋጅ ቁጥር 3/1983 ሰልፈኛው 48 ሰዓት አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዝዛል፤ ማሳወቅን ወደ ማስፈቀድ የለወጡ ሹማምንትም ከበደሉ ንጹሓን ናቸው አልልም። ግን የሹም በደል ምጥ ለያዛት ሴት ዕዳ የሚሆነው በየትኛው ፍትሕ ነው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው!

አባቶቻችን የበደሉትን ለመካስ ድንጋይ በገዛ ትከሻቸው ተሸክመው ዕርቅ ይለምኑ ነበር፤ እኛ ግን ድንጋዩን አውርደን ባልበደለን መንገደኛ ፊት እንጥላለን። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማንና ለመንገደኞች ለይታ ስትማልድ፣ አሜን ብሎ የተቀበለ አፍ እንዴት መንገደኛን ያግዳል? በኢያሪኮ መንገድ ቍስለኛውን አይተው ያለፉት ካህንና ሌዋዊ በወንጌል ከተነቀፉ፣ ቍስለኛውን ተሸክሞ የሚሮጠውን ሳምራዊ የሚያቆመው ምን ሊባል ነው?

ይህም ክፉ ልማድ በሰልፈኛ ብቻ አልቀረም። በየቅዳሜውና በየእሑዱ ሙሽራ የጫኑ መኪኖች ካሜራ ያዢውን በመስኮት አንጠልጥለው አደባባዩን ደጋግመው ሲዞሩና ከኋላቸው ያለውን ሁሉ ሲያቆሙ፣ እልልታው የሚሰማው ሕዝብ የሚረግም መሆኑን የሚነግራቸው ሚዜ እንኳ ጠፋ! ሐዘንተኛው ድንኳኑን ከመንገዱ መካከል ይተክላል፤ ባለሥልጣን ሲያልፍ አገር ይቆማል። ሁላችንም ጎዳናውን የአባታችን ርስት አደረግነው።

ወንድሜ ሆይ፣ ተበድለህ እንደ ሆነ ጩህ፤ በዳር ተሰልፈህ ድምፅህ ከሹሙ ደጅ እስኪደርስ ጩህ። ቋጥኙን ለማንከባለል እጅህን በዘረጋህ ጊዜ ግን፣ ከወዲያ ማዶ ታግዳ የምታምጠው እኅትህ መሆንዋን አስብ፤ አስበህም ድንጋዩን ተው።