ልጅና መርዶ



ልጆቻችን ከጓደኞቻቸው የሰሙትን ፊልም ለማየት «ሲኒማ ቤት ውሰዱን» ይሉናል። የሥዕል ፊልም ከሆነ ደግሞ ብዙዎቻችን ጨዋታ ብቻ ነው ብለን ሳንጠይቅ እንወስዳቸዋለን። ይሁን እንጂ በሥዕል ፊልምም ውስጥ ሞት አለ።

ዲስኒ በ1994 ያወጣውን የአንበሳውን ንጉሥ ታሪክ እንውሰድ። ግልገሉ ሲምባ በሚጋልብ የዱር ከብት መንጋ መካከል ሲገባ አባቱ ሙፋሳ ያድነዋል፤ አባት ግን ይሞታል። ግልገሉ ሬሳውን እየገፋ አባቱን ሊቀሰቅስ ይሞክራል። ይህን ሁሉ ያሴረው አጎቱ ስካር ጥፋቱን በልጁ ላይ ጭኖ ያባርረዋል።

ይህ ፊልም በ2019 እንደገና ተሠርቶ ሲወጣ በሥራዬ የማውቃቸው አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጃቸውን ወሰዱት። ከጎንደር ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ልጁን ያሳደጉት አያቱ እዚያው ቀርተው አርፈዋል። እናትየው መርዶውን ሰምተው በድብቅ አልቅሰዋል፤ ለልጁ ግን «ደኅና ናት» ይሉት ነበር። ከፊልሙ በተመለሱበት ምሽት ልጁ «አያቴ የሞተችው እኔ ትቻት ስለመጣሁ ነው?» አላቸው።

«ምነው ባልወሰድኩት ኖሮ!» አሉኝ እናትየው። ለካስ ልጁ ቀድሞም ያውቅ ኖሯል። ማንም ያልነገረውን ሞት ብቻውን ይዞ፣ እንደ ሲምባ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብሎ ተቀምጦ ነበር።

ታዲያ ሞትን ከልጅ መደበቅ ይገባል? ወላጆቻችን መርዶን በድንገት አይናገሩም፤ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ይነገራል። ብዙዎቻችን ይህን እንደ መደበቅ እናየዋለን። እኔ እንደሚመስለኝ ግን የልማዱ ጥበብ ሰሚው ብቻውን እንዳይሆን ማድረጉ ነው። እኛ ስንደብቅ ልጁን ብቻውን ተውነው፤ መርዶውንም በጨለማ አዳራሽ ውስጥ ፊልም ነገረው።

ስለዚህ ፊልሙን ያየ ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በጣም ትንሽ ልጅ ቢቆይ አይጎዳም። ስትገቡ አጠገቡ ተቀመጡ። ፊልሙ በዕብራይስጥ ነው ብላችሁ አትፈሩ፤ የልጅን ፊት ለማንበብ ኡልፓን አያስፈልግም። ስትወጡም «ፊልም ብቻ እኮ ነው» አትበሉት። «ምኑ አስፈራህ?» ብላችሁ በአማርኛ ጠይቁት፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ስሙት።

እናትየው በማግስቱ ማለዳ አጎቱን ጠርተው ለልጁ እውነቱን ነገሩት። ጥፋት እንደሌለበትም ደጋግመው አስረዱት። ልጁ ብዙ አለቀሰ። በኋላም አያቱ ይጠሩት በነበረው የቁልምጫ ስም እንዲጠሩት እናቱን ለመናቸው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ንጋቱ እስኪመጣ ግን ልጆቻችንን ብቻቸውን አናሳድራቸው።

ሰላም ሁኑ።