ተቀምጦ መቍጠር አለማመን ነውን?



ከቀየት ልጆች አንዱ በባዮሎጂ ተመርቆ በመምህርነት ተቀጥሯል። የልጅነት ምኞቱ ግን ሐኪም መሆን ነው። አሁንም «ሥራዬን ትቼ ሁለት ዓመት በአናቶሚ ማስተርስ ልማር፤ ወደ ሕክምና መወጣጫ ይሆነኛል» ይላል። አባቱም ከጥማዳቸው አንዱን በሬ ሊሸጡለት ተነሥተዋል። ምክር ሲጠይቀኝ «እግዚአብሔር ካለ ይሆናል» ብዬ ሸኘሁት። መልሴ መንፈሳዊ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን እናቱ «ገብሱ በምን ይታረሳል? የእኅቱስ ስንቅ ከየት ይመጣል?» ሲሉ ሰማሁና አፈርሁ። ልጅቱ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት።

እንግዲህ ለተስፋ ሲባል የሚከፈል ዋጋ ልክ አለውን?

ጌታችን ግንብ ሊሠራ የወደደ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ አስተምሯል። ይህ ምሳሌ የሚገኘው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ብቻ ነው፤ ሉቃስም ሐኪም ነበር። ሰውዬው መሳለቂያ የሚሆነው ግንብ በመመኘቱ ሳይሆን ሳይቈጥር በመጀመሩ ነው። እንግዲያስ መቍጠር አለማመን አይደለም። ታዲያ ምን እንቍጠር?

አንደኛ፣ መንገዱ በእርግጥ ያደርሳልን? በ2004 ዓ.ም. በአገራችን በ13 ተቋማት የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት በተፈጥሮ ሳይንስና በጤና ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዙትን ተቀበለ እንጂ ማስተርስ አልጠየቀም። በአሜሪካ ሕክምና የሚጀመረው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ስለሆነ፣ ውጤታቸው ያነሰ አንዳንድ ተማሪዎች አንድ ወይም ሁለት ዓመት በማስተርስ ይደክማሉ፤ ብዙ ገንዘብ ከፍለውም ለመግባታቸው ዋስትና የላቸውም። የሰው አገር መሰላል ከእኛ ግድግዳ ላይገጥም ይችላል።

ሁለተኛ፣ በሩ ባይከፈትስ ትምህርቱ በራሱ ይጠቅማልን? በአናቶሚ የተመረቀ ሰው የሕክምና ተማሪዎችን ሊያስተምር ይችላል፤ ይህም አገልግሎት ነው። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1882 እ.ኤ.አ. በላሆር ሕክምና ተመርቀው በሙያቸው ሠሩ፤ ወደ ስኮትላንድ ሄደው ትምህርት የጨመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ለእርሳቸው ተጨማሪው ትምህርት የያዙትን ሥራ ማጠንከሪያ እንጂ ዕድልን መጠበቂያ አልነበረም።

ሦስተኛ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? የራስን እንቅልፍ መሠዋት ትጋት ነው። የእኅትን ስንቅ፣ ያውም ሳይጠይቋት መሠዋት ግን መሥዋዕት አይባልም። የሰውን ሕመም ላድን የሚል ሰው ምሕረትን ከገዛ ቤቱ መጀመር ይገባዋል።

ወንድሜን ዳግመኛ አገኘሁትና ይቅርታ ጠየቅሁት። «ባለህ ዲግሪ የሚቀበልህ መኖሩን አስቀድመህ ከዩኒቨርሲቲዎቹ ጠይቅ፤ ካለም ፈተናውን ሞክር። ማስተርሱን ከመረጥህም ስለ ራሱ ወደኸው ይሁን፤ ከደመወዝህ ቈጥበህ ተማር» አልሁት። ዝም አለ። ውሳኔው የእርሱ ነው፤ በሬው ግን ገና አልተሸጠም።

እኛም ወንድሞቻችን ምክር ሲሹ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለን አናሰናብታቸው። አብረናቸው ተቀምጠን እንቍጠር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።