ጣት፣ አኃዝ፣ ሒሳብ

ዲጂታል የሚለው ቃል ዛሬ አሶሳ ገበያ ድረስ ገብቷል፤ ሥሩ ግን ጣት ነው። ላቲኖቹ ዲጂተስ የሚሉት ጣትን ነበር። የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት ደግሞ ከዐሥር በታች ያሉትን ቁጥሮች በጣት ስለሚቆጠሩ በዚሁ ስም ጠሯቸው። ከዚህ ተነሥቶ ቁጥር የጣት ልጅ ነው፣ ዐሥር ጣት ባይኖረን ኖሮ በዐሥር ባልቆጠርን ነበር የሚል ብዙ ነው። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድም አያሻም። በጋምቤላ የሚነገረው አኙዋክኛ ስድስትን የሚጠራው አምስትንና አንድን አጣምሮ ነው፤ አንዱ እጅ ሲሞላ ወደ ሌላው እንደ መሻገር ማለት ነው። እኔ ግን ጣት የቁጥር መሣሪያ እንጂ ምንጩ አይመስለኝም። ሰው መቁጠር የጀመረው ለሌላ ሰው መልስ መስጠት ሲኖርበት ነው።

የራሳችንን ቃላት እንይ። አኃዝ ከግዕዙ «አኀዘ» ጋር አንድ ሥር ነው፤ ያዘ ማለት ነው። ቁጥርም ከቋጠረ ብዙ አይርቅም፤ ቆጠረ፣ ቋጠረ፣ ቀጠረ ከአንድ ቤት የወጡ ይመስላሉ። ጣትን ስሙ ያደረገ ከነዚህ አንድም የለም፤ የሚናገሩት ስለ መያዝና ስለ መቋጠር ነው። ሰው የሚቋጥረው እንዳይጠፋበትና እንዳይረሳው ነው፤ ቀጠሮም ከሰው ጋር የተቋጠረ ቀን ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምነኝ ግን ሒሳብ የሚለው የዐረብኛ ቃል ነው። በርታኛ፣ ዐረብኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን በሚነገሩበት አሶሳ ይህ ቃል አስተርጓሚ አይፈልግም። ሻይ ጠጥቶ የጨረሰ ሰው ሒሳብ ይላል፤ ተማሪው ሒሳብ ይማራል፤ በመስጊድ ደግሞ ሰው ሁሉ ስለ ሥራው የሚጠየቅበት የሒሳብ ቀን ይነገራል። ሦስቱንም አንድ ቃል የተሸከማቸው ሦስቱም መተሳሰብ ስለሆኑ ነው።

ጣት ራሱ በዚህ ጉዳይ የሚሰጠው ምስክርነት ከተለመደው ይለያል። ከሶላት በኋላ ዚክር የሚያደርግ ሙስሊም መቁጠሪያ ባይዝ አውራ ጣቱን በሌሎቹ አራት ጣቶች አንጓዎች ላይ ሊያስኬድ ይችላል፤ በአንዱ ጣት ሦስት፣ በአራቱ ዐሥራ ሁለት ያገኛል። ጣቶቹን ሲያጥፍ አምስት የሰጠው ያው እጅ ማለት ነው። እንግዲህ እጅ የተጠየቀውን ያህል ይሰጣል እንጂ ስንት ተብሎ እንደሚቆጠር አይወስንም። በሐዲስ ደግሞ ነቢዩ ሴቶችን ውዳሴያቸውን በጣቶቻቸው ጫፍ እንዲቆጥሩ መክረዋቸዋል፤ ምክንያቱም ጣቶቹ አንድ ቀን ተጠይቀው ይናገራሉ። እዚህ ላይ ጣት ከማስያነት አልፎ ምስክር ሆኗል። (በኦርቶዶክሱም ዘንድ አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ ሲባል የሚንከባለለው መቁጠሪያ ሥራው ሌላ አይመስለኝም።)

በጣት ጨርሶ የማይቆጠር ነገርም አለ፤ ያውም የቤኒሻንጉል ዋና ሀብት። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ጦር አካባቢውን ለዐፄ ምኒልክ ካስገበረ በኋላ የአሶሳው ገዥ ሼክ ሆጀሌ አልሐሰን ግብር የሚከፍሉት በወርቅ ነበር። ከወንዝ አሸዋ ታጥቦ የሚወጣ የወርቅ ብናኝ አንድ፣ ሁለት አይባልም፤ በወቄት ይመዘናል። ሚዛኑ ላይ ቁጥር የሚወጣው ሰጪና ተቀባይ በድንጋዩ ክብደት ሲስማሙ ነው። አንዱ ቢቀር ወርቁ ወርቅነቱን አያጣም፤ ስንት ወቄት እንደሆነ የሚጨነቅ ግን አይኖርም።

የቃል ሥር የነገሩን ባሕርይ አያረጋግጥም የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። ቃል የሚመሰክረው ሰዎች ነገሩን በምን መንገድ እንዳገኙት ብቻ ነው፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጠይቀውም። ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ በዓባይ ዳር ያሉ አምስት ድንጋዮች ሰው ሳይፈጠርም አምስት ነበሩ ይባላል። ድንጋዮቹ ነበሩ። መሐሉ የተሰነጠቀው ግን አንድ ነው ሁለት? ጠጠሩስ ድንጋይ ይባላል? ምን እንደ አንድ እንደሚያዝ ሳይወሰን አምስት ማለት አይቻልም፤ ይህ ደግሞ ዝም ብሎ የሚወሰን አይደለም፣ ሌላው ሰው እንዲቀበለው ሆኖ ነው። ቁጥር ከሰው ውጭ ህልውና አለው ወይ የሚለውን ክርክር ይህ አይፈታውም፤ መቁጠር ግን ያለ ሁለተኛ ሰው ትርጉም እንደሌለው ያሳያል።

ለጣት ወገንተኞች ከሁሉ የሚከብደው ዜሮ ነው። ከግሪክ ፊደላት የተወረሰው የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ አልቦ የምንለው በኋላ ነው። የትኛውም ጣት ተነሥቶ ምንም አለመኖርን አያሳይም። ለዜሮ የስሌት ሕግ የጻፈለት ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ628። እሱም ቁጥሮችን ከጣት ጋር አላያያዛቸውም፤ ከዜሮ በላይ ያሉትን ሀብት፣ ከዜሮ በታች ያሉትን ዕዳ ብሎ ጠራቸው፤ እኩል ሀብትና ዕዳ ሲደመሩ ዜሮ ይሆናሉ ሲልም ደነገገ።