ስለ ርኅራኄና ስለ ፍርድ፤ ሂዩምና አዳም ስሚዝ

የአዳም ስሚዝን ስም አብዛኞቻችን የምናውቀው ከገበያና ከከበርቴ ጋራ ተያይዞ ሲነሣ ነው። ይሁን እንጂ ሰውየው በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ፍልስፍና መምህር ነበረ። ስለ መንግሥታት ሀብት የጻፈው መጽሐፍ በ1776 ከመውጣቱ 17 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1759፣ ስለ ሥነ ምግባር ስሜቶች አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወዳጁና የአገሩ ልጅ ዴቪድ ሂዩም በ1739 እና በ1740 ባወጣው ሥራ ያንኑ ጥያቄ አንሥቶት ነበር። ጥያቄው እኛንም ይነካል፦ ሰው ለማያውቀው ሰው ለምን ያዝናል? ሐዘኑስ እስከ ምን ድረስ ይታመናል?

ደግና ክፉ የሚለየው በደረቅ አመክንዮ ሳይሆን በስሜት ነው፤ የስሜቱም ሥር የሌላውን መከራና ደስታ መጋራት መቻላችን ነው። በዚህ ሁለቱም ይስማማሉ።

ለሂዩም ስሜት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር ነው፤ በእኛ ምሳሌ፣ አንዱ የበገና አውታር ሲነካ ሌላው እንደሚንቀጠቀጥ ያለ። ስለዚህም የቅርቡ ይበረታል፣ የሩቁ ይደክማል። ሂዩም ይህን አድልዎ አልካደም። ሰዎች ሲነጋገሩ የየግል ቦታቸውን ትተው አንድ የጋራ መመልከቻ ስለሚይዙ ፍርዳቸው ይታረማል ይላል፤ ልባቸው ግን ሁልጊዜ እንደማይከተል አልሸሸገም።

ለስሚዝ ርኅራኄ እንደ ጉንፋን የሚጋባ ሳይሆን በሐሳብ ወደ ሌላው ሁኔታ መግባት ነው። አእምሮውን ስቶ ለሚስቅ ሰው፣ እርሱ ራሱ ባያዝንም፣ እናዝንለታለን። ይህ ለስደተኛ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ጎብኚ መጥቶ ልጆቻችን ኳስ እየተጫወቱ ሲስቁ አይቶ «ደኅና ናቸው» ብሎ ቢሄድ፣ ፊት አየ እንጂ ሁኔታ አላየም። ስሚዝ ከዚህም ይዘልቃል። አንድ አውሮፓዊ ቻይና በመሬት መንቀጥቀጥ ጠፋች ሲባል ጥቂት አዝኖ ይተኛል፤ ነገ ትንሿ ጣቱ የምትቆረጥ ቢሆን ግን እንቅልፍ አይወስደውም። ሆኖም ጣቱን ለማዳን ሲል ያን ሁሉ ሕዝብ አያስጨርስም። የሚከለክለውም ደካማው ርኅራኄ ሳይሆን በደረቱ ውስጥ ያለው አድልዎ የማያውቅ ተመልካች፣ የውስጥ ዳኛው ነው።

እስቲ ይህን በናይሮቢ እንየው። በሴፕቴምበር 21 ቀን 2013 በዌስትላንድስ፣ ዌስትጌት በተባለው የገበያ ሕንፃ አልሸባብ አደጋ ጥሎ 67 ሰዎች ገደለ። አብዱል ሐጂ የተባለ ነጋዴ ሽጉጡን ይዞ የሄደው ወንድሙ በውስጥ ስለ ነበረ ነው፤ እስከዚህ ሂዩም ይበቃናል። ነገር ግን ከሌሎች ጋራ ሆኖ የማያውቃቸውን ሴቶችና ሕፃናት ሲያወጣ ቆየ። የሂዩም ደቀ መዝሙር «ፊታቸውን ስላየ ነው» ይለን ይሆናል፤ በቀላሉ የሚጣል መልስ አይደለም።

የከተማው ሰው ደም ለመስጠት ተሰለፈ። ዳሩ ግን ፍርሃትም በዚያው አውታር ይተላለፋል። በማርች 2014 የከተማ ስደተኞች ሁሉ ወደ ዳዳብና ካኩማ እንዲገቡ ታዘዘ፤ በኤፕሪል ብዙ ሰዎች ታፍሰው በካሳራኒ ስታዲየም ተያዙ። የሂዩም የጋራ መመልከቻ እዚህ ላይ ይጎድለኛል፤ አብረው ከሚነጋገሩት መካከል ስደተኛው የለበትምና። ከጥቃቱ ሁለት ወር በፊት፣ በጁላይ 26 ቀን 2013፣ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህን የመሰለ ትእዛዝ ሽሮ ነበር። ዳኛው እንዲያለቅስልን ማንም አልጠየቀውም።

እኔ ወደ ስሚዝ አደላለሁ። ሆኖም የውስጥ ዳኛችንን እጅግ የሚያበላሸው ወገንተኝነት መሆኑን የጻፈው ራሱ ስሚዝ ነው። በኖቬምበር 2020 የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር፣ ከአንድ ቧንቧ ውኃ የሚቀዱ ሰዎች ሰላምታ ማቋረጣቸውን አንረሳውም። በእነዚያ ወራት የሁለቱንም ወገን ሙታን እኩል የቆጠረ ሰው በመካከላችን ካለ፣ እንዴት እንደ ቻለ በሚቀጥለው እትም ቢጽፍልን ደስ ይለናል።