ቤት ማየትና ሰው ማየት

ሰው ለኑሮው ሲል የሚያደርገው ጉዞ ሁሉ መብቱ ነውን? ጥያቄው በደኅናው ጊዜ ሲነሣ ከንቱ ክርክር ይመስላል። መንገዱ ክፍት፣ ገንዘቡም እግሩም የራሱ የሆነን ሰው «ወዴት ነው?» ማለት ሰላምታ እንጂ ምርመራ አይደለም። ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ግን ይኸው ተራ ሰላምታ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይሆናል፤ መንገደኛው ከስንቁ ጋር ትንፋሹንም ይዞ ይጓዛልና።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ ገደማ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም ለ14 ቀናት እንዲዘጉ ተደረገ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁን ተከትሎ የወጣው ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብንና መጨባበጥን ከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻም ከመጫን አቅሙ ከግማሽ በላይ እንዳይጭን አዘዘ። አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ያገደው ይኸው ደንብ ነው። እንግዲህ ሕግ የተከራዩን ጣራ ጠበቀ፤ ቤት ሊገዛ የሚነሣውን ሰው መንገድ መመዘኑ ግን በአብዛኛው ለሕሊናው የቀረ ጉዳይ ነበር።

እስቲ በዚያ ወራት ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ በወረታ አድርጎ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ታቦር ቤት ሊያይ የሚወጣ አንድ ገዥ እናስብ። በቅድሚያ ለእርሱ መከራከር ተገቢ ነው። ቤት እንደ ጨርቅ በእጅ ተዳስሶ፣ ካልተስማማ ለነጋዴው የሚመለስ ዕቃ አይደለም። የብዙ ዓመት ጥሪት በአንድ ቀን የሚፈስስበት ነገር ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ወደ መንግሥት ከዞሩበት ከሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ወዲህ መሬት አይሸጥም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ይህንኑ አጽንቷል። ነገር ግን ሁለት አንድ ዓይነት ቤቶች፣ አንዱ ከገበያ አጠገብ፣ ሌላው ከከተማ ዳር ቢቆሙ ዋጋቸው አንድ እንደማይሆን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ገዥው ሊያይ የሚሄደው ግድግዳውን ብቻ አይደለም። አካባቢውን፣ መንገዱን፣ ውኃውን፣ ጎረቤቱን ጭምር ነው። ይህንን ሁሉ ፎቶግራፍ አያሳየውም። «ሳላይ አልገዛም» ማለቱ ስስት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው።

ይሁን እንጂ የሚታየው ቤት ባዶ አይደለም። ሰው ይኖርበታል። ብዙውን ጊዜ ቤቱን ለሽያጭ የሚያቀርበውም ዕዳ፣ ሕመም ወይም የውርስ ክፍፍል ያስገደደው ሰው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት እኩል ያልሆነው እዚህ ላይ ነው። ገዥው ቢታገሥ የሚያጣው ጊዜ ነው፤ ሻጩ ቢታገሥ የሚያጣው ምናልባት መድኃኒቱን ነው። በዚህ ምክንያት ሻጩ በሩ ላይ የቆመውን እንግዳ «አትግባ» ለማለት አንደበት የለውም። በሩን የከፈተው ፈቅዶ ነው ብንል እንኳ፣ ችግር የከፈተው በር ፈቃድ የከፈተውን ያህል ክፍት አይደለም።

የአገሩም ጠባይ ነገሩን ያከብደዋል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚዘልቀው ጉና በቅርብ የሚታያት ደገኛ ከተማ ናት። የደጋ ሰው ብርድን የሚከላከለው በሩንና መስኮቱን ዘግቶ፣ እሳት ዳር ተጠጋግቶ ነው። የኮሮና ተሐዋስ የሚመቸው ደግሞ አየር የማይንሸራሸርበት እንዲህ ያለ ክፍል ነው። ለእንግዳ ቡና ማፍላት ደንብ ነው፤ ሳይጠጡ መሄድም ነውር ነው። ባሕል በዘመናት ያሳመረው መልካም ጠባይ ለበሽታው መሸጋገሪያ ድልድይ ይሆናል ማለት ነው።

ስምምነቱ ሲደርስም የሚሰበሰበውን ሰው እንቁጠር። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ምስክሮችም እንዲፈርሙበት ሕጋችን ያዝዛል። ሻጭና ገዥ ሁለት፣ ምስክሮች ሁለት፤ አራቱ ሞላ። ደላላው አምስተኛ ነው። የትዳር ጓደኛ፣ ወራሾችና ሽማግሌዎች ገና አልተቆጠሩም።

ይህ ቅራኔ የእኛ ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር ከግንቦት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ገዥዎች የማያውቁት ሰው ቤት ገብተው እንዲያዩ ተፈቀደ። በዚያው ሰሞን ልጅ የእናቱን ቤት ገብቶ መጠየቅ አልተፈቀደለትም ነበር። ገበያው በር ሲከፈትለት ናፍቆት ደጅ ቀረ። የኢኮኖሚው ምክንያት ሊገባን ይችላል፤ ነገር ግን ለየትኛው ጉዞ «አስፈላጊ» የሚል ስም እንደምንሰጥ፣ ከሁሉ አስቀድመን የምናከብረው ምን እንደ ሆነ ያጋልጣል።

ደብረ ታቦር ራስዋ ከዚህ የቆየ ትምህርት አላት። በ1858 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በጣና ዳርቻ፣ በዘጌ፣ በአፄ ቴዎድሮስ ሰፈር ኮሌራ ገባ። ሠራዊቱ ከበሽታው ሊሸሽ ወደ ቆራጣ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ተጓዘ፤ በሽታውም አብሮ ተጓዘ። ያ ሠራዊት ቤት ሊያይ አልወጣም፤ ሕይወቱን ሊያድን ነበር። ደጋው ለመንገደኛ የሚከፍለው ዋጋ ግን በመንገደኛው ዓላማ ደግነት አይቀንስም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በመጣ ጊዜም ትንፋሽ ሀብታምና ድኻ አልለየም፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ ኅዳር የሚታጠነው የዚያ መታሰቢያ ሆኖ ነው።

ታዲያ ብያኔው ምንድን ነው? መጓዝ ሁሉ ኃጢአት ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። የተፈናቀለ፣ ወይም ጣራው የፈረሰበት ሰው ቤት ፍለጋ ቢወጣ የሚነቅፈው የለም። መመዘኛው ሦስት ጥያቄ ይመስለኛል። ጉዳዩ ቢዘገይ የሚጎዳው ማን ነው? አደጋውን የሚሸከመው ተጓዡ ነው ወይስ ያልተማከረ ሌላ ሰው? የሚጎበኘውስ ሰው ያለ ፍርሃት «እምቢ» ማለት ይችላልን? ሦስተኛው ጥያቄ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይገዛቸዋል። እምቢ ማለት የማይችል ሰው ፊት የቆመ ገዥ ስለ ራሱም ስለ እርሱም የማሰብ ግዴታ አለበት። ቤተሰቡ ወደ ደጅ እስኪወጣ ይጠብቅ፤ ብቻውን ገብቶ ይይ፤ ቡናውን በምስጋና ይለፍ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ለሻጩ ቀብድ ልኮ፣ ማየቱን ለደኅና ቀን ማቆየት ነው። ቀብዱን ቢያጣ የሚያጣው ገንዘብ ነውና።

እዚህ ላይ የመምህሩና የኪነ ጥበብ ሰው ድርሻ አለ። ሕግ መጨባበጥን ሊከለክል ይችላል፤ እጅ አለመዘርጋትን ግን ወደ አክብሮት ሊለውጠው አይችልም። «ስላከበርሁህ ቤትህ አልገባሁም» የሚል ዐረፍተ ነገር በሕዝቡ ጆሮ ስድብ እንዳይሆን የሚያለማምደው የመድረክ ቃል፣ የክፍል ውስጥ ጭውውት፣ ግጥምና ዘፈን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃት ያወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በአገራችን በበሽታው መሞታቸው የተመዘገበው ከ7,500 በላይ ነው። ጥያቄው ግን ከወረርሽኙ ጋር አልተዘጋም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚል ሕዝብ ቤት ሲገዛ ጎረቤትም ይገዛል። ዛሬ በሩን የሚያንኳኳው ገዥ ነገ የእድሩ አባል፣ የሐዘኑ ተካፋይ ሊሆን ነው። እንዲህ ያለው ሰው ገና ሳይገባ የነገ ጎረቤቱን ለሐዘን ከዳረገ፣ የገዛው ግድግዳና ቆርቆሮ ነው፤ ቤት አልገዛም።