ዝንጀሮ ለማባረር ፈቃድ?

በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት፣ ሰው ጣሪያ ሥር ገብቶ ያስቸገረን የሌሊት ወፍ ወይም ራኩን የሚባለውን ከድመት ከፍ የሚል አውሬ እየያዙ በማስወጣት የሚተዳደሩ ሰዎች አሉ። ይህን ሥራ በክፍያ ለመሥራት ጉልበትና ወጥመድ ብቻ አይበቃም፤ የግዛቲቱ መንግሥት የሚሰጠውን የጽሑፍ ፈተና ማለፍና ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። ይህን ወሬ ለአንድ የጋሞ ቆላ ገበሬ ብንነግረው መሳቁ አይቀርም። በእርሱ አገር ዝንጀሮ ማባረር የልጅ ሥራ ነው። ፈተናው ማማ ላይ መውጣት፣ ፈቃዱም ወንጭፍ ነው።

ሳቁ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ከሳቁ ጀርባ በቀላሉ የማይመለስ ጥያቄ አለ። ጥፋቱን የማያውቅ ፍጡር በእኛ ስም እንዲባረር ወይም እንዲገደል ለአንድ ሰው ሥልጣን የሚሰጠው ማን ነው? ሥልጣኑን የሚሰጠው ወገንስ በምላሹ ምን ዕዳ ይገባዋል?

ለዚህ ጥያቄ ከአርባ ምንጭ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ከተማዪቱ አባያንና ጫሞን ቁልቁል እያየች ተቀምጣለች። ሁለቱን ሐይቆች ከሚለየው የእግዜር ድልድይ ወዲያ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የተከለለው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ይዘረጋል። ከፓርኩና ከሐይቆቹ ዳር የሙዝ፣ የማንጎና የበቆሎ ማሳ አለ። ዝንጀሮና ከርከሮ ከጫካው ይወጣሉ፤ ጉማሬ ሌሊት ሌሊት ሣር ፍለጋ ከውሃው ይወጣል፤ አዞ የዓሣ አጥማጁን መረብ ይቀዳል። አንዳንዴም የሚቀደደው መረብ ብቻ አይደለም። በግንቦት 2010 ዓ.ም. በአባያ ሐይቅ ዳር ምእመናንን ሲያጠምቁ የነበሩ አንድ አገልጋይ በአዞ ተነጥቀው ሕይወታቸው አልፏል።

እንግዲህ እነዚህ እንስሳት ለአንዱ ሀብት፣ ለሌላው መከራ ናቸው። ጎብኚው በጀልባ ሆኖ «የአዞ ገበያ» የተባለውን የጫሞን ዳርቻ ሲያይ ይደነቃል። ባለሆቴሉና ባለጀልባው ከዚያ ድንቅ ይተዳደራሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተቋቋመው የአርባ ምንጭ የአዞ እርባታ ጣቢያ እንቁላልና ጫጩት ከሐይቆቹ ዳር እየሰበሰበ፣ አሳድጎም ቆዳውን ለውጭ ገበያ ሲያቀርብ ኖሯል። በአንጻሩ ማሳው የተበላበት ሰው ከዚህ ሁሉ የሚደርሰው ድርሻ ምንድን ነው? ዝንጀሮ ደግሞ ብልህ ነው፤ ከአዋቂ ወንድ ይልቅ ሴትንና ሕፃንን ይደፍራል። ስለዚህ ጥበቃው የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ አይቀርም፤ ቤተሰቡ በሙሉ ይሰማራል። ልጁ ማማ ላይ በዋለ ቁጥር ከትምህርት ቤት ይቀራል። የአገሪቱን የዱር ሀብት ዋጋ ከሚከፍሉት አንዱ ይህ ልጅ ነው፤ ደረሰኝ ግን አልተቆረጠለትም።

ሕጉ ምን ይላል? በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ ይቀጣልም። ክልከላው መልካም ነው። ባይኖር ኖሮ ብዙ የዱር እንስሳት ዛሬ በሥዕል ብቻ ይታወቁ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ፈቃድ የሚለው ቃል በአገራችን ለማን ሲሠራ እንደኖረ እናስተውል። ከባሕር ማዶ የመጣ አዳኝ ዋጋውን ከፍሎ፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አዳኝ እየመራው፣ በባሌና በአርሲ ተራሮች የደጋ አጋዘን ገድሎ ቀንዱን ለግድግዳው ጌጥ ይዞ ሲሄድ ዓመታት ተቆጥረዋል። የግሪሳ መንጋ በስምጥ ሸለቆ ማሽላ ላይ ሲያርፍም መንግሥት አውሮፕላን አስነሥቶ መርዝ ያስረጫል። ለጌጥም ሆነ ለእህል ሲባል በፈቃድ መግደል አለ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል የቀረው፣ ሁለት ጥማድ በቆሎውን ከርከሮ የገለበጠበት ገበሬ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። «ለዚህ ገበሬ ደግሞ ፈቃድ የሚባል ሌላ ወረቀት ልትጨምሩበት ነውን?» የሚል። በእውነትም ፈቃድ በድሃ አገር ብዙ ጊዜ የበር መዝጊያ ነው። ያወቀው ሳይሆን የጻፈው፣ የጻፈውም ሳይሆን እጅ መንሻ የሰጠው ያገኘዋል። የዝንጀሮን ጠባይ ከልጅነቱ የሚያውቀው አዛውንት በፈተና ወድቆ፣ ዝንጀሮ በሩቁ እንኳ አይቶ የማያውቀው ባለዲፕሎማ ያልፋል። በዚያ ላይ ከርከሮው ማሳ ውስጥ ሳለ ማመልከቻ የሚጽፍ ገበሬ የለም።

ተቃውሞው ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ያስራል። የራስን ማሳና የራስን ሕይወት አደጋው በደረሰበት ቅጽበት መከላከል አንድ ነገር ነው። ለዚህ ማንም ሰው ፈቃድ ሊጠየቅ አይገባውም። መግደልን ሙያ አድርጎ፣ ለሌላው በገንዘብ መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው። ገበሬው የሚፈልገው አውሬው እንዳይመለስ ነው፤ በሬሳ ቁጥር የሚከፈለው ቅጥረኛ ግን አውሬው ቢመለስ አይጠላም። ገበሬው ማሳው ውስጥ የገባውን ያውቀዋል፤ ቅጥረኛው ያገኘውን ይገድላል። መርዝ የተቀባ ሥጋ ከጣለ ደግሞ ለጅብ ያለው ለጎረቤት ውሻ፣ ለጥንብ አንሣ፣ ከዚያም አልፎ ለሕፃን ይተርፋል። እንግዲህ ፈቃድ የሚያስፈልገው የራስ ያልሆነ ቂም በደመወዝ በሚወጣበት ቦታ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ከባሕር ማዶ የመጣ ብቻ አይምሰለን። በቀድሞው ዘመን «ገዳይ» የክብር ስም ነበር። አንበሳ ወይም ዝሆን የገደለ ሰው ግዳዩን አደባባይ አቅርቦ፣ ምስክር ቆጥሮ፣ ሹመትና ጌጥ ያገኝ ነበር። ዛሬ ያ ክብር እንዲመለስ የሚመኝ ብዙ አይመስለኝም። ቁም ነገሩ ግን መግደል በሰው ፊት መልስ የሚሰጡበት ድርጊት መሆኑ ነው። ጦጣ ገድሎ የፎከረ የለም። በጋሞ ደጋ ደግሞ «ጎሜ» የሚባል ጽንሰ ሐሳብ አለ። ወግ የጣሰ ሰው ያመጣው ጥፋት በእርሱ ላይ ብቻ እንደማይቀር፣ ለቤተሰቡና ለማኅበረሰቡም እንደሚተርፍ የሚያስተምር ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ አንድ ሰው ለሁላችን ሲል የሚያፈሰው ደም የሁላችንም ጉዳይ ይሆናል። ፈቃድ ማለትም በአጭሩ ይኸው ነው። «ይህን የምትሠራው በእኛ ስም ነው፤ ስለዚህ እንዴት እንደሠራኸው እንጠይቅሃለን» የሚል ቃል ነው።

ቃል ግን ሁለት ወገን አለው። ፈቃድ የሚጠየቀው ሰው ግዴታ እንደሚገባ ሁሉ ፈቃድ ሰጪውም ይገባል። «ያለ እኔ አትግደል» ያለ አካል «ስትጠራኝ እመጣለሁ» ማለቱ ነው። የአውሬውን ጠባይ የሚያውቅ፣ መግደልን የመጨረሻ እንጂ የመጀመሪያ የማያደርግ፣ ስሙና አድራሻው በቀበሌው የታወቀ ሰው በሌለበት ቦታ ክልከላው ብቻውን ይቀራል። ማሳው ባዶ ከሆነ በኋላ ጉዳት ሊመዘግብ የሚመጣ ሹም «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ከመባል አያመልጥም። ለእንዲህ ያለው ሠራተኛ የሚሰጠው ፈተናም የወረቀት ብቻ ሊሆን አይገባውም። ከፓርኩ ባለሙያ ጎን የአካባቢው ሽማግሌና ማሳ ስትጠብቅ የኖረች እናት ፈታኝ ሆነው ቢቀመጡ ማን ይከፋዋል? ደመወዙስ ከገበሬው ኪስ ለምን ይወጣል? ከአዞው ቆዳና ከጎብኚው ቲኬት የሚገኘው ገንዘብ ለዚህ ካልዋለ ለምን ሊውል ነው?

በእኔ እምነት የሥነ ምግባሩ ሚዛን እዚህ ላይ ነው። ዝንጀሮው አይጠየቅም፤ የተራበ እንስሳ ነው። ገበሬውም እንዲሁ በቀላሉ አይጠየቅም፤ ልጆቹን የሚመግብ ሰው ነው። የሚጠየቀው በሁለቱ መካከል አጥር አጥሮ ቁልፉን የያዘው ነው። ከልካይ የሆነ ሁሉ ደራሽም መሆን አለበት። ደራሽ ሳይሆን ከልካይ ብቻ የሆነ ሕግ፣ ለአውሬውም ለሰውም ሳይበጅ፣ ማማ ላይ ያለውን ልጅ ከነወንጭፉ እዚያው ትቶት ይቀራል።